ሰዋስዌን የሸጥኩበት ሱቅ

አማቴ አማርኛ የጠፋባቸው ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ትክክለኛውን ሰዓት አላውቅም፤ ሲጠፋ ያየ ሰው የለም። ሰኞ ዕለት ከባለቤቴ ጋር በስልክ ተጨቃጭቀው ነበር፤ የተጨቃጨቁትም በአማርኛ ነው። ይህን ባለቤቴ አረጋግጣልኛለች። ማክሰኞ ጠዋት ቀኝ እጃቸው ደንዝዞ፣ አፋቸው ወደ ጎን ተጣሞ ተገኙና ሆስፒታል ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት እጃቸው ተመለሰ፣ አፋቸው ተስተካከለ፣ ቁጣቸውም እንደ ድሮው ሆነ። አማርኛው ግን አልተመለሰም። የቀራቸው አፍ የፈቱበት የሰባት ቤት ጉራጊኛ ብቻ ሆነ።

ሐኪሙ ነገሩ እንግዳ እንዳልሆነበት ከፊቱ ያስታውቃል። ስትሮክ የመታው ሰው ኋላ የተማረውን ቋንቋ አንዳንዴ ቀድሞ ያጣል አለን።

"ይመለሳል?" አልኩት።

"ሊመለስም ላይመለስም ይችላል።"

"መቼ?"

"አይታወቅም።"

ሥራዬ ዘጋቢነት ነው። "አይታወቅም" ሲሉኝ ሌላ ምንጭ ፍለጋ እሄዳለሁ። ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሱም አይታወቅም አለ። ደብተሬ ላይ "አይታወቅም፤ ሁለት ምንጭ" ብዬ ጽፌ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ከአማቴ ጋር የነበረንን ነገር ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። አማቴ በርበሬ በረንዳ አርባ ዓመት ሙሉ በርበሬ በጅምላ ሸጠዋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሬዲዮኑ ከጎናቸው ጠፍቶ አያውቅም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እኔ ፊታቸው እቀመጣለሁ፤ እሳቸው የሳምንቱን ዜና አንድ በአንድ እያነሱ ይመረምሩኛል። "ማን ነገረህ? አንተ እዚያ ነበርክ? ሰውዬው ይህን ሲል ፊቱ እንዴት ነበር?" አንድ ጊዜ የበርበሬ ገበያ ተረጋጋ ብዬ የዘገብኩ ለታ ሦስት ቅዳሜ አላናገሩኝም። ብዙ አለቆች ሥራዬን አርመውልኛል፤ የእሳቸውን ያህል ያስፈራኝ ግን የለም። ዘገባ ስጽፍ እስከ ዛሬ "ቅዳሜ ምን ይሉኛል" እላለሁ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ግን ቅዳሜ ስመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ጀመር። መጀመሪያ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ናት አፍረው መሆኑን የነገረችኝ። እሷም ብትሆን መርካቶ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ጉራጊኛ ትችያለሽ ወይ ሲሏት "እሰማለሁ እንጂ አልናገርም" ከሚሉት ወገን ናት። እናቷ በጉራጊኛ ሲናገሩ በአማርኛ ትመልሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ነው የኖሩት። አሁን ግን መልሱ አማቴ ጋ አይደርስም። ልጆቻችንም የሚያውቁት "ነይ ብዪ" እና "ዝም በል" የሚሉትን ያህል ነው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ የባለቤቴ ወንድም ከአገር ቤት ደወለ።

"ለመስቀል ትምጣ፤ እዚሁ ትቅር" አለ። "እዚህ የሚያናግራት አይጠፋም። እዚያ ከግድግዳ ጋር ምን ትሠራለች?"

ነገሩን ከየአቅጣጫው አየሁት። ልክ ነበር። ያስጨነቀኝም ልክ መሆኑ ነው።

"እሳቸውስ ምን ይላሉ?" አልኳት ባለቤቴን።

"እንደ ምንም ብዬ ጠየቅኳት። 'እዚህስ ማን አለኝ?' ነው ያለችኝ።" ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ አለህ ልበላት? ያንተን ጉራጊኛ ታውቀዋለህ።"

ያን ቀን የእኔ ጉራጊኛ አንድ ሰላምታና ሁለት የምግብ ስም ነበር። ለመስቀል ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ለአማቴ "እኔ አለሁ" ለማለት የሚያስፈልገው ሁሉ በሰባት ሳምንት መገኘት ነበረበት።

በመጀመሪያ ባለቤቴን አስተምሪኝ አልኳት። ሁለት ምሽት ሞከርን።

"እዚህ ላይ ለምን ተለወጠ?"

"እንዲህ ነው የሚባለው።"

"ትናንት ግን እንዲያ ነበር ያልሽው።"

"እንዲያም ይባላል።"

"መቼ ነው እንዲህ፣ መቼ ነው እንዲያ?"

"እንደ ቃለ መጠይቅ አታድርገኝ!" አለችና ተነሥታ ሄደች። አልፈረድኩባትም። እኔም አማርኛዬን ለምን እንዲህ አልክ ብባል የምመልሰው እንደዚያው ነው። ሳያውቁት የገባን ነገር በየት በር እንደገባ ማን ያስታውሳል? የሚያስፈልገኝ ጉራጊኛን አድጎ የተማረና ሲማር የተቸገረ ሰው ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አውቅ ነበር። ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ ወሎዬ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ለሥራ ሄጄ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር በጉራጊኛ ሲከራከሩ ሰምቼ ገርሞኝ ነበር። ከሱቃቸው ደጃፍ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። እኔና ጋሼ የምንነጋገረውን ሁሉ ሳይጠየቅ የሚከታተል እሱ ነው።

"ጋሼ፣ ጉራጊኛ ያስተምሩኛል?"

"ለምንህ ነው? ልትነግድ?"

"አማቴን ላናግር።"

ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። "ሰው ከአማቱ ጋር ላለመነጋገር አገር ይቀይራል፤ አንተ ቋንቋ ትማራለህ?"

"ዝም በል አንተ፣ ሥራህን ሥራ" አሉት ጋሼ። ወደ እኔ ዞረው ሙሉ ታሪኩን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ጢማቸውን ዳበሱ። "እኔ መርካቶ ስመጣ ቃል አልሰማም ነበር። ፊቴ ቁጭ ብለው እርስ በርስ በቋንቋቸው እየተመካከሩ ከእጄ ሲገዙ፣ እኔ እንደ ሞኝ ፈገግ እላለሁ። እልህ ነው ያስተማረኝ። አንተም እልህ አለህ?"

"ሰባት ሳምንት ነው ያለኝ።"

"እሱም ያው ነው።"

በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደረስኩ። ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ፤ ደብተሬን ገለጥኩ። ጋሼ ሁለቱንም አይተው እንደ ቆሸሸ ነጠላ በጣታቸው ገፋ አደረጓቸው።

"የሚማረው ማነው? አንተ ነህ ወይስ ይሄ ስልክ?"

"ካልጻፍኩ እረሳለሁ ጋሼ።"

"ስንት ዓመት ጻፍክ?"

"ከሃያ በላይ።"

"እስቲ የዛሬ ሳምንት የጻፍከውን ንገረኝ።"

ልነግራቸው አልቻልኩም። ልብስ ሰፊው ከውጭ "ሃያ ዓመት ሙሉ እኛ ስናስታውስለት የኖርነው ለካ!" አለ። ደብተሩንም ስልኩንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

የጋሼ አያያዝ ሌላ ነው። በሱቃቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ በቦታው ያውቁታል። አንገታቸውን ሳያዞሩ "ባለ አረንጓዴ ጥለቱ ነጠላ ከኋላ፣ ከላይ ሁለተኛው ረድፍ" ይላሉ፤ እጅ ሲሰድዱ እዚያው አለ። ጉራጊኛውንም ያኔ የያዙት እንደዚያ ነው። ሱቁ ሦስት ግድግዳ አለው፤ አራተኛው በር ነው። በስተቀኝ ያለው ግድግዳ የሆነው ነገር ሁሉ ነው አሉኝ። የኋላው ገና የሚሆነው ነው። በስተግራ ያለው ያልሆነውና የማይሆነው። በእያንዳንዱ ግድግዳ ከታች "እኔ" እቀመጣለሁ፤ ከመካከል የማናግረው ሰው፤ ከላይ ደግሞ የማማው ሰው።

"የሚታማውን ከላይ ያደረጉት ለምንድን ነው?"

"እንዳይሰማ።"

በየቀኑ ሥራ ከመግባቴ በፊት ወይም ከወጣሁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሱቁ መሃል ቆሜ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። ጋሼ በአማርኛ ይጠሩልኛል፤ እኔ ወደሚገባው ግድግዳ ዞሬ፣ ዓይኔን ወደሚገባው መደርደሪያ ሰድጄ እመልሳለሁ። የአማርኛ ተናጋሪ ለውጡን የሚፈልገው ከቃሉ ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ቋንቋ ግን ለውጡ አንዳንዴ መሃል ገብቶ ይደበቃል፤ ጫፉን ስጠብቅ እሱ አልፎኝ ይሄዳል። አንዳንዱን ለማለት ደግሞ ከንፈር ማሞጥሞጥ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። "ኑ እዩ፣ ጋዜጠኛው ቡሉኮ ሊስም ነው!"

ልማድ አልለቀኝ ብሎ ጋሼ የነገሩኝን ከልብስ ሰፊው ጋር አመሳክር ነበር። እሱ የሶዶ ጉራጌ ነው። የጠየቅኩትን ሁሉ በሌላ መንገድ ይነግረኛል። ጋሼ ጋ ስመለስ ይቆጣሉ፤ እነሱ ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ እቆማለሁ። ሁለቱም ልክ እንደነበሩ የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የሶዶና የሰባት ቤት ቋንቋ ይለያያል። በሥራ ዘመኔ ሁለት ምንጭ ማመሳከሬን የተውኩት ያኔ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ 'እርስዎ'ን የት ላስቀምጠው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የት አባቱ! እኔ የተማርኩት የገበያ ጉራጊኛ ነው፤ እርስዎ የሚባል ነገር እኔ ጋ አልደረሰም። እኔ ያለኝ አንተና አንቺ ነው።"

"አማቴን አንቺ ልበል?"

"ወይ አንቺ ትላቸዋለህ፣ ወይ ዝም ትላቸዋለህ።"

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ የተማርኩትን ልሞክር አውቶቡስ ተራ አጠገብ ወዳለው የአማቴ ቤት ሄድኩ። ልል ያሰብኩት ቀላል ነው፦ "መጣሁ፤ አንቺን ለማየት መጣሁ።" ሱቁ ውስጥ ይህን ያለ እንከን ብዬዋለሁ። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ግን ቀኝ ግድግዳው ላይ የልጅ ልጆች ፎቶና የሞተ ሰዓት ነው ያለው። መደርደሪያ የለም። "መጣሁ" ጠፋኝ። በየት በኩል ዞሬ እንደተማርኩት ላስታውስ ብዬ ወንበሬን አዞርኩ፤ አልሆነም። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁና ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ አሁንም ሰዓቱ ነው። እንደገና ዞርኩ።

አማቴ ከግድግዳው መለስ ብለው ትኩር ብለው አዩኝና ለባለቤቴ አንድ ነገር አሏት። ባለቤቴ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምን አሉ?"

"'አንገቱን ምን ሆኖ ነው? ሐኪም አሳዩት' ነው የምትለው።"

ከዚያ ፊታቸውን መልሰው አዞሩ። ቅዳሜው በዚህ አለቀ።

ለጋሼ እንዳለ ዘገብኩላቸው፤ ምንም አልደበቅኩም። ልብስ ሰፊው አማቴን በታክሲ ሱቁ ድረስ አምጥቼ በመደርደሪያዎቹ መሃል እንዳስቀምጣቸው ሐሳብ አቀረበ። ጋሼ ግን ሌላ መድኃኒት ነበራቸው። "ግድግዳ እያየህ የተናገርከው ግድግዳ ጋ ይቀራል" አሉ። "ሰው ፊት ተናገር። መስቀል እየደረሰ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ የአማትህ አገር ሰው ነው። ሶላት ስሄድ ሱቁን አንተ ያዝ።"

እውነታቸውን ነው። ከአዲስ ዓመት ማግስት ጀምሮ ሸማ ተራ መቆሚያ የለውም። ለመስቀል አገሩ የሚገባ ሁሉ ለአባቱ ጋቢ፣ ለእናቱ ነጠላ ሳይዝ አይሄድም። ጋሼ ለሶላት ሲወጡ እኔ ባንኮኒው ጀርባ እቆማለሁ። ደንበኛ ሲገባ በጉራጊኛ እጀምራለሁ፦ "ንኪው እስቲ። እጅ ፈትል ነው። ታጥቦ አይጠብም። አባትሽ ይመርቁሻል።" ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት ወደ አንዱ ግድግዳ ስለምዞር፣ ሰው ዕቃ ልመርጥለት መስሎት በትዕግሥት ይጠብቀኛል። ከዚያ አፌን ስከፍት ይስቃል። የሳቀ ሰው ደግሞ ሳይገዛ መውጣት ይቸግረዋል። በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት ሦስት እህቶቻቸውን "ኑ ይሄን ሰውዬ ስሙት" ብለው ይዘው መጡ፤ አራቱም ገዙ።

"ከዚህ በኋላ እኔ መስጊድ ልዋል" አሉ ጋሼ።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቃሉ ሳልፈልገው መምጣት ጀምሯል። ልክ በዚህ ደስታ ላይ እያለሁ፣ አማቴ ወደ አገር ቤት የሚሄዱበት ቅዳሜ አምስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቤተሰብ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ገባ። አጎት፣ ወንድም፣ አክስት፣ ሁሉም አለ። ለአገር ቤት ዘመድ በሙሉ ነው የሚገዙት። በሚገባ ተናገርኩ፤ በሚገባም ሳቁ፤ የቀኙን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አራግፈው ወሰዱት። ሸኝቻቸው ስመለስ ሌላ ሴትዮ ቆመዋል።

"ይሄ ነጠላ ታጥቧል?" አሉኝ በጉራጊኛ።

ወደ ቀኝ ዞርኩ። ባዶ ጣውላ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። "ይታጠባል" ማለት እችላለሁ፤ የኋላው ግድግዳ አለ። "አይታጠብም" ማለት እችላለሁ፤ የግራው ግድግዳ ቡሉኮ በቦታው ነው። "ታጥቧል" ግን በመኪና ተጭኖ ሄዷል። ለሴትዮዋ በሁለቱ መሃል የሆነ ነገር አልኳቸው፤ ነጠላውን አስቀምጠው ወጡ።

ጋሼ ከሶላት ሲመለሱ ባዶው መደርደሪያ ፊት ቆሜ አገኙኝ።

"ምነው? ሰረቁን?"

"ጋሼ፣ የሆነውን ነገር ሁሉ ሸጥኩት።"

"ምኑን?"

"ባለ ቀይ ጥለቱ ጋቢ 'እኔ' ነበር። ባለ ሰማያዊው 'አንቺ'። አሁን አንዱም የለም፤ የሆነ ነገር መናገር አልችልም።"

ቀስ እያለ ገባቸው። ሲገባቸው እየሳቁ ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ ቆባቸው ወደቀ። ልብስ ሰፊው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀድሞ ይስቅ ጀመር።

"አንተ ሰው" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እኔ ዕቃው ላይ አስቀምጥ አልኩህ? ቦታው ላይ ነው ያልኩህ! በየሳምንቱ የምሸጠው ጋቢ ላይ ቋንቋ ባኖር እስካሁን ዲዳ ነበርኩ እኮ። ና ወዲህ። ቀዩ የት ነበር?"

"እዚያ ታች።"

"አሁን ምን አለ?"

"ምንም።"

"ቦታውስ?"

"ቦታው አለ።"

"በል ተናገር።"

አልመጣልኝም። ባለሙያ ነኝ፣ ሐቁን እናገራለሁ፦ በዚያን ቀን አልመጣልኝም። ጋሼ ጠርዙ ላይ ትንሽ የቆሸሸና ማንም ያልወሰደው አንድ ባለ ቀይ ጥለት ጋቢ ከታች አወጡ። ገዛሁት። የገዛሁት ለአማቴ ለመንገድ ስጦታ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ያለዚያ ጋቢ "መጣሁ" ማለት ስለማልችል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የባለቤቴ ወንድም ከአገር ቤት በመኪና መጣ። የአማቴ ልብስ በሁለት ማዳበሪያ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ሬዲዮናቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ከላይ ተጭኗል። ሬዲዮኑን ሳይ ለመስቀል ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው ሬዲዮኑን አያነሣም። አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል።

ወንበር ስቤ ፊታቸው ተቀመጥኩ። ጋቢውን ጭናቸው ላይ አኖርኩት። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፦ አይሂዱ፣ ያለ እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ አይሆንም፣ የሚል። ሰዓቱን እንዳላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሱቁ መጣልኝ። ባዶው የቀኝ ግድግዳ መጣልኝ፤ ታች ረድፉ ላይ የአቧራ መስመር እንኳን ይታየኛል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ያዘጋጀሁት አልነበረም። ለሁለት ሳምንት በቀን ሠላሳ ጊዜ ያልኩት ነው የወጣው።

"ንኪው እስቲ" አልኳቸው በጉራጊኛ። "እጅ ፈትል ነው። ታጥቦ አይጠብም።"

የባለቤቴ ወንድም ከተቀመጠበት ተነሣ፤ እናቱን አንቺ ስላልኩ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቴ እጄን ቆነጠጠችኝ።

አማቴ ግን ከግድግዳው ዞሩ። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ከዚያ ጋቢውን። የጋቢውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት፤ በርበሬ እንደሚያሹት አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና አሸተቱት። አርባ ዓመት ዕቃ ሲያጣጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ይሄ?" አሉ። "ድሩ የፋብሪካ ክር ነው።"

"ማጉ ግን የእጅ ነው" አልኩ።

"ጠርዙ ቆሽሿል።"

"ይታጠባል።"

"'አይጠብም' ያልከው እንዲያ አይባልም" አሉና ቃሉን በትክክል ብለው አሰሙኝ፤ ከንፈራቸው ሲሞጠሞጥ እስኪታየኝ ድረስ። ደገምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁና ጋቢውን እንደገና አሹት። ከዚያ በጉራጊኛ የጠየቁኝ ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ያልሰማሁት ጥያቄ ነው።

"እጅ ፈትል መሆኑን ማን ነገረህ?"

"ባለ ሱቁ ነገረኝ።" ዞር ሳልል ነው ያልኩት። ይህን ልብ ያልኩት ኋላ ነው።

"ሻጩ? የሻጭ ቃል አምነህ መጣህ? ሲፈተል አይተሃል?"

ለዚህኛው ዞርኩ። ወደ ግራ፣ በሱቁ ውስጥ ቡሉኮው ወዳለበት ጎን፤ እዚህ ግን በሩ አጠገብ ያሉት ማዳበሪያዎቹ ብቻ ናቸው። "አላየሁም።"

"አላየህም። ታዲያ ያላየኸውን ለምን ታወራለህ?"

ይህን ጥያቄ በአማርኛም መልሼው አላውቅም። ባለቤቴ እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ ከሁለቱም ያየሁባት አለ። አማቴ ጋቢውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉ፤ ወደ ወንድ ልጃቸው ዞረው ሬዲዮኑን እያመለከቱ ረጅም ነገር ተናገሩ። ከተናገሩት ግማሹን ያዝኩ። ግማሹን ባለቤቴ ሞላችልኝ። ለመስቀል እሄዳለሁ፤ ሬዲዮኑን ግን አውርደው፤ ከመስቀል በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ እዚህ ሰው እጠብቃለሁ፤ ይሄ ልጅ ያልተፈተለ ነገር እየዘገበ ነው።

"አንገቱንስ?" አለ የባለቤቴ ወንድም፤ ለካ የእኔን አንገት ወሬ አገር ቤት ሁሉ ሰምቶታል።

"እሱ እንደዚያ ነው" አሉ አማቴ። "ሲዋሽ ወደ ግራ ያያል።"

ሐቁ እንዲህ አልነበረም፤ ግራው ያልሆነው ነገር ነው እንጂ ውሸት አይደለም። ላስተካክላቸው ስሞክር ግን የሚያስፈልገኝን ዓረፍተ ነገር የያዘ መደርደሪያ በሱቁ ውስጥ አልነበረም።

በተባለው ቅዳሜ ተመለሱ። ይህን ስጽፍ አማርኛቸው አልተመለሰም፤ ከሁለት ወይም ሦስት ቃል በቀር፣ እነሱም የሚመጡት ሲቆጡ ነው። ሬዲዮኑ ጎናቸው አለ፤ የሚሰማውን ባለቤቴ በተሰባበረ ጉራጊኛዋ ትነግራቸዋለች፤ አማርኛ የምትቀላቅለውን ያህል ይቆጧታል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እኔ ፊታቸው እቀመጣለሁ። ዜናውን በገበያ ቋንቋ ነው የማቀርበው፤ ስለ ስብሰባ ስናገር እንኳን ስብሰባውን የምሸጥ እመስላለሁ ይላሉ። አሁንም አንቺ ነው የምላቸው። በአማርኛ ስለ እሳቸው ሳወራ እርስዎና እሳቸው ነው፤ ወደ እሳቸው ስዞር አንቺ። ሁለታችንም ለምደነዋል።

ጋቢውን በተመለከተ አማቴ አገር ቤት ሳሉ ዝም አላሉም። አንዲት የምትፈትል ዘመድ አሳይተዋል፤ እሷ አላሳመነቻቸውም መሰለኝ አንድ ሸማኔም አሳይተዋል። ማጉም ቢሆን ግማሹ የፋብሪካ ክር ነው ብለው ሁለቱም ተስማምተዋል። ሰኞ ሸማ ተራ ሄጄ ነገሩን ለጋሼ በጉራጊኛ ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ ይሰማል። የቀኙ ግድግዳ በአዲስ ዕቃ ሞልቷል፤ ቀዩ በነበረበት አሁን ቢጫ አለ። ስናገር ግን ዞሬ አላየሁትም።

ጋሼ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። "ማን ነገራቸው?"

"ሁለት ምንጭ" አልኳቸው።